መልስ የሚዘገይበት ቤት

ሰኔ 14 ቀን 1979

ገባን። በሩን የዘጋው ኤጀታ ነው። መቀርቀሪያው ያለው በውስጥ በኩል ነው፤ ዶክተር ተሾመ ይህን ደጋግሞ ነግሮናል። «ማንም አላሰራችሁም። መውጣት የፈለገ ይከፍታል። ግን አንድ ሰው ከከፈተ ጉዞው ለሁላችሁም አበቃ ማለት ነው።»

ቤቱ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፤ አጥኚዎቹ ከውጭ የሚያዩን በአንድ መስታወት በኩል ብቻ ነው። ሰማይ የለም። ቀንና ሌሊት የሚሆነው መብራቱን ከውጭ ሲያበሩትና ሲያጠፉት ነው። ሰዓታችንን በር ላይ ተቀበሉን። ከቦታችን ንቅንቅ ሳንል፣ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ወደ ቅርቧ ኮከብ እየተጓዝን ነው እንባላለን። ዶክተር ተሾመ ማወቅ የሚፈልገው ስለ መርከቡ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። የማይመለስበትን መንገድ የጀመረ ሰው በምን ይጸናል፣ በምን ይፈርሳል? ከወዳጅ አገር የመጡ ሳይንቲስቶች ጥናቱን ይደግፉታል። ስለዚህ የበላይ አካልም ፈቀደ።

ሦስት ነን። እኔ ውዴ፣ የፊዚክስ አስተማሪ። ኤጀታ፣ የኮተቤ መካኒክ፤ የሚበላሸውን ሁሉ እንዲጠግን። ዶክተር ነጅመዲን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሐኪም፤ እኛን እንዲጠግን።

አዱኛ እስከ በሩ ሸኘኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው ልጄ፤ አገጩ ላይ ጺም የሚመስል ነገር ጀማምሮታል። «እማዬ፣ ኮከቧ ላይ ስትደርሺ ደውይልኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እህቴ አፀደ አልሳቀችም። «ልጁን ለእኔ ተይው። አንቺ ራስሽን ጠብቂ» አለችኝ።

ዶክተር ተሾመ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ለአዱኛ የውጭ አገር ትምህርት ሊሞክርለት ቃል ገብቶልኛል። ውጭ ያለ ልጅ አይዘምትም። አባቱን ኦጋዴን ከበላብኝ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። የመጣሁት ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጸጥታም ፈልጌ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 15

በሶ። ቆሎ። የቆርቆሮ ሥጋ። እንቅልፌ ጥሩ ነው።

ሰኔ 18

ግድግዳው ከውጭ እንደሚታየው ወፍራም አይደለም። ውሃ የሚያመላልሱት ሠራተኞች ይህን አያውቁም። ዛሬ አንደኛው «እህል ያጣ አገር ኮከብ ምን ሊያደርግለት ነው?» ሲል ሰማነው። ሌላው «ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» አለው። ኤጀታ በሳቅ ሞተ። «ጆሮው እኛው ነን!»

ኤጀታን እንዴት እንደመጣ ጠየቅሁት። «አለቃዬ ትሄዳለህ አለኝ፤ ሄድኩ» አለ። ሚስቱ አሳየች የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች፤ ወሯ ገብቷል። ሥራ ሲይዝ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ዓመታት ሆኖታል። የሚያንጎራጉረው አፉን ገጥሞ ነው፣ ቃሉ እንዳይሰማ።

ነጅመዲን ጸሎቱ ቸግሮታል። ወደ የት እንደሚሰግድ ያውቃል፤ ከመግባታችን በፊት አይቶ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጓል። ያጣው ጊዜውን ነው። ፀሐይ የለችም። «እውነተኛው መርከብ ላይ ብትሆን ምን ትሆን ነበር?» አልኩት ለጨዋታ። «እዚያማ እትዬ ውዴ፣ መካም ምድርም ፀሐይም ከኋላዬ አንዲት ነጥብ ይሆኑና...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር። ወዲያው ቀለደበት፤ እኔም አብሬው ቀለድኩ።

ሰኔ 21

ከቤተሰብ ጋር የምንገናኘው በካሴት ነው። እኛ እንቀዳለን፣ በግድግዳው ቀዳዳ ይወስዱታል፣ መልስ ይመጣል። በመጀመሪያ በማግስቱ ይመጣል። እየራቅን ስንሄድ ይዘገያል፤ ከዚያ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። ሕጉ ነው። ብርሃን እንኳ ከዚያች ኮከብ ምድር ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የአዱኛ የመጀመሪያ መልስ ዛሬ መጣ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ኳስ፣ አክስቱ ስላበላሸችው ሽሮ። ከኋላው ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ግማሹ ወሬ አይሰማም። አምስት ጊዜ ሰማሁት። ኤጀታ «ካሴቱ ያልቃል» አለኝ።

ሰኔ 28

ኤጀታ ቆሎ ሲቆረጥም ወፍጮ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። ድሮም እንዲህ ነበር? መጀመሪያ ሳምንት አላስተዋልኩም።

ነጅመዲን በቀን ምን ያህል እንደተናገርን ይመዘግባል። ዛሬ ማናችንም አልተናገርንም።

እንቅልፌ ጥሩ ነው።

ሐምሌ 1

ግድግዳው እንደገና ተናገረ። ዘበኞቹ ናቸው።

«ሾላ አካባቢ አፈሱ አሉ። ወጣት የሚባል መንገድ ላይ አልቀረም።»

«ለዘመቻው?»

«ታዲያ ለሰርግ ነው?»

ቤታችን ሾላ ነው። አዱኛ ጠዋት ከአልጋው አይነሳም። አፀደም የትም አትልከውም። ልጁ ገበያ ምን ሊያደርግ ይወጣል? አይወጣም።

ለማንኛውም ካሴት ቀዳሁ። «አዱኛዬ፣ ደህና ነህ? ማትሪክ ምን ደረሰ? ሰፈሩ ሰላም ነው?» ዶክተር ተሾመ በድምፅ ማጉያው «መልሱ አሁን ቆየት ይላል ውዴ፤ ርቃችኋል» አለ። ድምፁ የሆነ ነገር አለው። ጉንፋን ይዞት ይሆናል። ክረምት ነው።

ሐምሌ 3

መልስ የለም።

ሐምሌ 4

የለም።

ሐምሌ 7 ይመስለኛል

መጣ!

«እማዬ እንደምን ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት። ብዙ እያነበብኩ ነው። ምንም እንዳታስቢ።» ይኸው ነው። ስለ ማትሪክ አላለም። ስለ ሰፈሩ አላለም። ጥያቄዬን ሳይሰማ የመለሰ ይመስላል።

የእኛን ጣሪያ ቀንና ሌሊት ዝናብ ይወርድበታል። በካሴቱ ውስጥ ግን ጠብታ አይሰማም። ፀሐይ ወጣ ሲል ቀድቶት ነው። በሐምሌም ፀሐይ ይወጣል። ልጁ ደህና ነኝ ብሏል፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሐምሌ 9 ወይም 10

ሰዓት ከሌለ ቀን ይንሸራተታል። እኔ ዘጠኝ እላለሁ፣ ኤጀታ አሥራ አንድ ይላል፣ ነጅመዲን «መብራቱን ከፈለጉ ያስረዝሙታል፣ ከፈለጉ ያሳጥሩታል፤ አናውቅም» ይላል። ሳነብ የዋልኩበት ቀን አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይመስለኛል።

ዛሬ በምሳ ላይ ጣሳው ከእጄ አመለጠ። የኤጀታን ጆሮ ስቶት ግድግዳው ላይ አረፈ። ኤጀታ መቆርጠሙን አቆመ። ጣሳውን አንስቶ የተጣመመውን አቃንቶ መለሰልኝ።

ነጅመዲን «ወረወሩት እንጂ አላመለጠዎትም» ይለኛል። ሐኪም ሁሉን ነገር ማጋነን ይወዳል።

ሐምሌ 13 (በእኔ ቆጠራ)

ሁለተኛ መልስ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። እያነበብኩ ነው።» እንደገና እያነበበ ነው። አዱኛ ይህን ያህል አንባቢ አልነበረም።

በባለፈው ካሴት መጨረሻ ላይ ውሻ ይጮሃል፤ አንዴ ከጮኸ በኋላ የሚያለቅስ የሚመስል ውሻ። በዛሬው መጀመሪያ ላይም ያው ውሻ፣ ያው ልቅሶ። ሁለቱን አከታትዬ ሰማኋቸው። አንድ ትንፋሽ ናቸው።

ውሻ ውሻ ነው። ሁሉም ይጮሃል።

ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ «ኮከብን ስታዩ የምታዩት የቆየ ብርሃን ነው፤ ኮከቡ አሁን ይኑር አይኑር ግን አታውቁም» እያልኩ አስተማርኩ። ሲደነቁ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። እናት መርከብ ላይ ሆና የልጇን ሳቅ ትሰማለች፤ የሳቀው ልጅ በዚያን ጊዜ የት እንዳለ አታውቅም። ድምፁ ከእሱ ተለይቶ ብቻውን ይመጣል። ይህንን ማን ይችለዋል? የሚችል ሰው ካለስ፣ ሰው ነው?

ነገ ለዶክተር ተሾመ ደብተር ላይ «ሁሉ ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ደብተር መያዜን ማንም አያውቅም፤ ይህኛውን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐምሌ 17?

አልተኛሁም። ነጅመዲን ክኒን ሰጠኝ። አልዋጥኩትም። ለምንድነው እንድተኛ የፈለገው?

ኤጀታና ነጅመዲን እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

ሐምሌ 19?

ሳይረሳኝ ልጻፍ።

መድኃኒት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ለሐኪሙ ብቻ የተሰጠ ስልክ አለ። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ የነጅመዲን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ስለ ልጁ እንዳትነግሯት። ካወቀች አንድ ቀን አታድርም፣ ትወጣለች። ከወጣች ደግሞ...»

በሩን በረገድኩት። «የቱ ልጅ?»

ስልኩን ዘጋ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ ውዴ፣ ይቀመጡ።»

«የቱ ልጅ ነው ያልኩህ!»

ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ፤ ከዚያ ከንፈሩ ላይ አደረገው። ዝም በይ ማለቱ ነው። ልጄን ቀብረውብኝ እኔን ዝም ሊያሰኝ! «ይመኑኝ፤ በአላህ ስም እለምንዎታለሁ፣ ይመኑኝ» ይላል በሹክሹክታ። ጉሮሮውን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

ሮጬ በሩ ጋ ደረስኩ። ኤጀታ መቀርቀሪያው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ውዴ፣ አሳየች ወልዳለች። ትናንት ነገሩኝ። ወንድ ይሁን ሴት ገና አላወቅሁም፤ ካሴቱ በመንገድ ላይ ነው። አሁን ከከፈትሽ...» አለና ዓይኔን አየ። ምን እንዳየ አላውቅም። ከበሩ ገለል አለ። «ልጅሽ ከሆነ ሂጂ» አለኝ።

ከፈትኩት።

ነሐሴ 3

ይህ ቀን ትክክል ነው። ሰው ነግሮኝ ነው።

ስወጣ ብርሃኑ ዓይኔን እንደ በርበሬ ለበለበው። ጉም ነበር፣ ግን ጉሙ ራሱ ያበራል። ዛፎቹ በጣም ረጃጅም ሆኑብኝ፤ ርቀት የሚባለውን ነገር ዓይኔ ረስቶታል። ዘበኛው «እትዬ! እትዬ!» እያለ ትንሽ ተከተለኝና ተወኝ። በነጠላ ጫማ ዳገቱን ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

መንገድ ላይ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ወደ ላይ ስትወጣ አገኘኋት። «እናቴ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ አይደል! ሱባኤ ልገባ ማርያም እየወጣሁ ነው። ደህና አይደለሽም እንዴ ልጄ?»

ፍልሰታ። ነሐሴ። እኔ ገና ሐምሌ 19 ላይ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ከእኔ ተሰርቋል። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ልጅ ማሠልጠኛ ይገባል፣ ጠመንጃ ይሸከማል፣ ወደ ሰሜን ይጫናል።

ቤት ደረስኩ። ተቆልፏል፤ አፀደ ሥራ ናት። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ። የአዱኛ አልጋ ተነጥፏል። አዱኛ በዕድሜው አልጋ አንጥፎ አያውቅም።

ከዚያ እግሬ ቀበሌ ወሰደኝ። እኔ አልወሰንኩም፤ እግሬ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ከበበ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ማኅተም እየመታ ነበር። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በር ላይ ቆመዋል። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ገባሁ።

«ልጄን የት ወሰዳችሁት?»

ቀና አለ። «ማን ናት? መምህርት ውዴ ነሽ?»

«አባቱን ወስዳችሁ አልመለሳችሁልኝም! እሱንም ሳልሰናበተው! የት ነው ያለው? ታጠቅ ማሠልጠኛ ነው? በሕይወት አለ? አዱኛ የት ነው?»

ጓድ ከበበ ማኅተሙን አስቀመጠ። አልተቆጣም። ከልቡ ግራ ተጋብቶ ነው ያየኝ።

«አዱኛ? አዱኛ ከአንቺ ጋር እንጦጦ ያለው አይደል እንዴ?»

ይህችን ጊዜ እስክሞት አልረሳትም። እሱ ቀጠለ። «ለውትድርና ስሙ ሲጠራ ዶክተሩ ራሱ መጥቶ፣ አራተኛው ተጓዥ ሆኖ ገብቷል፣ ለመንግሥት ጥናት ነው ብሎ ደብዳቤ ሰጥቶናል። እኛ አልነካነውም።» ከዚያ ዓይኑ ጠበበ። «ለምን? እዚያ የለም?»

ልጄ አልተወሰደም። ተደብቋል። የሸሸገው ያ የተዘጋ በር ነው፤ የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ነጅመዲን ጣቱን ወደ ጣሪያው የቀሰረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጣሪያው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀዳ ማይክሮፎን አለ። የሚቀዳውን የሚያዳምጠው ተሾመ ብቻ አይደለም፤ የበላይ አካልም ነው።

ምን ልበል? በር ላይ ያሉት ሁለቱም ያዩኛል።

«አዎ» አልኩ። «አዎ፣ እዚያ ነው። ከእኔ ጋር ነው። ረሳሁት።»

«ረሳሽው?»

«ረሳሁት ጓድ ሊቀመንበር።»

«ልጅ ይረሳል?»

«እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ይረሳል። ቀኑን ረሳሁ፤ ሐምሌ መስሎኝ ነበር። ጠዋት አብሮኝ ቁርስ የበላውን ልጅ ረስቼ የሞተ መሰለኝ።» ከዚያ አለቀስኩ። ማስመሰል አላስፈለገኝም። እያለቀስኩም ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁንም አላቆምኩትም። ከጥበቃዎቹ አንዱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ጓድ ከበበ ስልኩን አንስቶ ዶክተር ተሾመን ጠራ። «ሰውዬ፣ አስተማሪቷን አሳብደሃታል» ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ እኔን እያየ፣ «ነገ ጠዋት መጥቼ ልጁን በዓይኔ አየዋለሁ» አለው።

ተሾመ በቮልሱ መጣ። የእንጦጦ ዳገት ሥር ደረስን። እዚያ መኪናውን ዳር አቁሞ ራሱን መሪው ላይ ደገፈ።

«ማነው እብዱ?» አለ። «አንቺ ነሽ እኔ?»

የሆነው ይህ ነው። አፈሳው ሲጀመር አፀደ እያለቀሰች ቢሮው ሄደች። እሱም የአዱኛን ስም ተጓዦቹ ላይ ጨመረ። ልጁን ግን ቤቱ ውስጥ ሊያስገባው አልደፈረም፤ የውጭዎቹ ሳይንቲስቶች ሦስት ሰው ነው የሚያውቁት፣ በየሳምንቱም በመስታወቱ ያዩን ነበር፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት ገና አሁን ነው። አዱኛ በዚያው ቀን ሁሉንም ካሴት ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ቀዳና፣ ሾላ ባለው በሳልህ የዱቄት መጋዘን ተደበቀ። ሳልህ የአፀደ የሥራ ባልደረባ የከይሪያ ባል ነው። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ፀሐይ አላየም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በምን ልንገርሽ? በየትኛው ካሴት?»

በጥፊ ልመታው ፈለግሁ። እጁን ሳምኩት። ደንግጦ ነጠቀኝ።

ይህን ገጽ ማቃጠል አለብኝ። ነገ አቃጥለዋለሁ።

ነሐሴ 4

ጎህ ሲቀድ የሳልህ ፒካፕ ቀለብ ይዞ መጣ። ሳልህ ራሱ ነው የነዳው። ከዱቄት ጆንያዎቹ መካከል አንድ ነጭ ነገር ተነሣ። ጸጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ እጁ ነጭ። ሽማግሌ መሰለኝ። አባቱ አርጅቶ ቢሆን እንዲህ ይሆን ነበር። ከዚያ አስነጠሰ፤ የአዱኛ ማስነጠስ ነው።

አቀፍኩት። ክብደት የለውም። አጥንቱን ነው ያቀፍኩት።

«እማዬ፣ ለምን ወጣሽ?» አለኝ። ሌላ አላለኝም።

ሳልህ አላህ ይጠብቃችሁ ብሎ መኪናውን አዞረ። በዚያ መጋዘን ልጄ ቢገኝ እሱም ልጆቹም ያልቁ ነበር። ስሜን እንኳ በደንብ አያውቀውም።

ገባን። በሩ መከፈቱን ተሾመ ስላልመዘገበው ጉዞው እንደቀጠለ ነው። ኤጀታ ልጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ ጸጉሩን፣ ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሐል። ነጅመዲን የራሱን ሹራብ አለበሰው። ሁለቱም እኔን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልላቀቅ አለ።

ጓድ ከበበ ረፋዱ ላይ መጣ። በመስታወቱ ቆጠረን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በድምፅ ማጉያው አዱኛን ጠራው።

«አንተ ወጣት! ከገባህ ስንተኛ ሳምንትህ ነው?»

ምን ብሎ እንደሚመልስ አልተነጋገርንም። ማንም አላሰበበትም።

አዱኛ ወደ መስታወቱ አየና ብርሃኑ ዓይኑን ስለወጋው ጨፈነ። «አላውቅም ጓድ» አለ። «ቀን መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ።»

ጓድ ከበበ ብዙ አየው። የገረጣውን ፊቱን፣ የገባውን ዓይኑን፣ ከትከሻው የተንጠለጠለውን ሹራብ። ለዶክተር ተሾመ ሲናገር ማጉያውን መዝጋት ረስቶ ሰማነው። «ይኸማ ከእናቱ ብሷል። ምን ዓይነት ጥናት ነው ይኼ? የሰው ልጅ አይደሉም እንዴ?»

ሄደ።

ኤጀታ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ነጅመዲን ወደ ምልክቱ ዞሮ ሰገደ፤ ጊዜው ይሁን አይሁን አልጠየቀም።

ነሐሴ 20

አዱኛ ግድግዳ ጥግ ነው የሚተኛው። አልጋ ሰጥተነው እምቢ አለ። ድምፅ በሰማ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል።

ኤጀታ ካሴቱ ደረሰው። ሴት ናት። ስትጮህ የሚሰማ ካሴት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም፣ ጩኸት ብቻ። ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። አዱኛም አብሮት ይሰማል። ቆሎ አብረው ይቆረጥማሉ። ወፍጮው ሁለት ሆኗል። አልረበሸኝም።

ጳጉሜን 4

ዶክተር ተሾመ በድምፅ ማጉያው ጠራን። አነጋገሩ ጥንቃቄ ያለው ነው፤ እየተቀዳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«የጉዞው ማብቂያ ደርሷል። ነገር ግን እስከ ጥቅምት እንዲራዘም ሐሳብ ቀርቧል። ምክንያቱ ሳይንሳዊ ነው። የሁላችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ሰው እንኳ ካልፈቀደ ትወጣላችሁ።»

የዚህ ዙር ምልመላ የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ከወጣን አዱኛ ከበሩ ይወሰዳል።

እኔ ፈቀድኩ። የእኔ ምን ዋጋ አለው። ነጅመዲን «እቀጥላለሁ» አለ። ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ እየጮኸ እንደሚነሣ ለማንም አልነገርንለትም።

ኤጀታ ብቻ ቀረ። ጣሳ የወረወርኩበት ሰው ነው። ልጁ የተወለደችው እሱ እዚህ ተዘግቶ ሳለ ነው። እምቢ ቢል አልፈርድበትም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። ግን ዓይኔ ከአፉ አልነቀል አለ።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ። «ልጄ መራመድ ሳትጀምር እንወጣለን አይደል?»

«እንወጣለን ኤጀታ።»

«እንግዲያው ይራዘም።»

ተነሥቶ ወደ ጓዳ ሄደ። ተከትዬው ሄድኩ። ምን ልለው እንደሄድኩ አላውቅም። ጀርባውን ሰጥቶኝ የውሃ ቧንቧውን እየፈታ ነበር፤ ቧንቧው ግን አልተበላሸም። ተመለስኩ።

መስከረም፣ ቀኑን አላውቅም

ውጭ ተኩስና ጭብጨባ ሰማን። አዱኛ አልጋ ሥር ገባ። በኋላ ነገሩን፤ ሪፐብሊክ ታውጆ በደስታ ነው አሉ። ከአልጋው ሥር ለማውጣት ረጅም ጊዜ ፈጀብን።

ጥቅምት 6 ቀን 1980

ወጣን። ዙሩ ተዘግቷል። የውጭ ትምህርቱ ነገር እንደማይሆን ተሾመ ነገረኝ፤ ለአዱኛ ግን የጥናት ረዳት የሚል መታወቂያ አሠርቶለታል። የሚቀጥለው ዙር እስኪመጣ ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም።

አሳየች ሕፃኗን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ኤጀታ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው፣ እንደገና ዘረጋ። «ሰው መያዝ ረስቻለሁ መሰለኝ» አላት። እሷም ዝም ብላ ደረቱ ላይ አስተኛችለት። አልጮኸችም። ኤጀታ ነው የጮኸው።

ከመሄዳችን በፊት ተሾመ በረንዳው ላይ አስቀምጦ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀን። «እውነተኛ መርከብ ቢኖር፣ ወደ ኮከብ የሚሄድና የማይመለስ፣ ትሄዳላችሁ?»

ኤጀታ ልጁን እንደታቀፈ ሳቀ። መልሱ እሱ ነበር። ነጅመዲን «አልሄድም። ፀሐይ የምትጠልቅበት ቦታ ነው የምፈልገው» አለ። እኔም አልሄድም አልኩ፤ ከልቤ ነው።

አዱኛ ከበሩ አልራቀም፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል። ብርሃኑን በእጁ ይከላከላል።

«መቼ ነው የሚነሣው?» አለ።

ተሾመ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አዱኛ አልሳቀም። «እውነቴን ነው ዶክተር። ስሜን ጻፉልኝ። እዚያ ማንም አይፈልገኝም አይደል?»

ከጦርነት፣ ከአፈሳ፣ ከከበበ ዓይን ያወጣሁት ልጅ ነው። አጠገቤ ቆሟል፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ልዘረጋ አልቻልኩም።

«እናትህስ?» አለው ተሾመ። «ትተሃት ትሄዳለህ?»

አዱኛ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷም እኮ ሄዳ ነበር» አለ።

ሲናገር ቁጣ የለበትም፣ ወቀሳም የለበትም። የደነገጥኩት ለዚህ ነው።